የመጨረሻው መንጋጋ

በሬ ስትገዙ አፉን ከፍታችሁ ታያላችሁ። ዕድሜውን ጥርሱ ይነግራችኋል። የሰውስ ጥርስ?

ሰው ሲሟላለት 32 ጥርስ አለው። ከነዚህ 4ቱ የመጨረሻ መንጋጋዎች ናቸው። ዘግይተው፣ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ይበቅላሉ። ጭራሽ የማይበቅሉለትም ሰው አለ። እሱስ ተገላገለ!

ችግሩ ቦታ ሲጠብ ነው። ጥርሱ አግድም ይተኛል። ወይም ግማሹ ወጥቶ ግማሹ በድድ እንደተሸፈነ ይቀራል። በድዱ ሥር የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የቆሎ ገለባ ይገባል። መፋቂያም እዚያ በደንብ አይደርስም። ምግቡ ይበሰብሳል፤ ድዱ ያብጣል፤ መግል ይይዛል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ። በጋለ ብረት አትተኩሱት። አስፕሪን ፈጭታችሁ ድዱ ላይ አታድርጉ፤ ያቆስላል። በጉጠትም አታስነቅሉ። ሥሩ ጠማማ ከሆነ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ንጹሕ ያልሆነ ጉጠትም በሽታ ያስተላልፋል። ደግሞ የማያስቸግር ጥርስ ሁሉ ይነቀል አይባልም።

ሕመሙ ከተመላለሰ የጥርስ ሐኪም ይየው። የለገዳዲ ሰው ለዚህስ ዕድለኛ ነው፤ አዲስ አበባ ቅርቡ ናት። አፍ አልከፈት ካለ፣ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ ግን አትጠብቁ። አጨዳ ቢደርስም፣ ቢመሽም፣ በሽተኛውን በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት አድርሱት። እብጠቱ ትንፋሽ ዘግቶ ሰው ይገድላል።