የውሃ ወፍጮና የጨሞጋ ወንዝ

ኦሪት ዘዳግም 24፥6 ወፍጮና መጅ በመያዣነት እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ መጁን የወሰደ የቤቱን እንጀራ ወስዷልና። ይህን ለጎጃም እናት ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፥ መጁን ይዛ ጎንበስ ቀና ስትል ኖራለች። የሞተር ወፍጮ በቀረበበት ስፍራ ድካሙ ቀንሷል፤ ነገር ግን ናፍጣ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ መጁ ተመልሶ ይነሣል።

የውሃ ወፍጮ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ሲገዙ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ድሜጥሮስ የተባለ አልባንያዊ ግንበኛ በአንኮበር አጠገብ አንድ ሠርቶ ነበር። በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ እንደ ጻፈው፥ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ስላሉ ወፍጮው ተትቶ ቀረ። ካህናቱን መውቀስ ቀላል ነው። እኛን ግን ሌላ ጥያቄ ያሳስበናል፦ ባይወገዝስ ኖሮ፥ ሠሪው ሲሄድ ድንጋዩን ማን ይወቅረው ነበር?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ውሃው በቦይ ተመርቶ በአሸንዳ ቁልቁል ይወርድና የተጋደመውን መዘውር ይመታል፤ በመዘውሩ ላይ የቆመው ዘንግ የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል፥ የታችኛው አይንቀሳቀስም። በሴኮንድ 50 ሊትር ውሃ ከ4 ሜትር ከፍታ ቢወርድ ወደ 2 ኪሎዋት የሚጠጋ ኃይል አለው። ግማሹ ቢባክን እንኳ 1 ኪሎዋት ያህል ይቀራል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው ጉልበት 75 ዋት ያህል ስለሆነ፥ ይህ የ13 ሰዎች ሥራ ማለት ነው።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ ዋናው ጉዳይ ውሃው ነው። ጨሞጋ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ከሚያልፈው ከጮቄ ተራራ ተነሥቶ፥ በከተማው አጠገብ አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 የነበረውን ፍሰት መርምሮ በ2005 የታተመ ጥናት፥ በበጋ የሚፈሰው ውሃ እየቀነሰ መሄዱን አሳይቷል። ከምክንያቶቹም የተፈጥሮ ዕፅዋት መመናመን፥ የእርሻ መስፋፋት፥ ከመጠን ያለፈ ግጦሽና የባሕር ዛፍ መብዛት ተጠቅሰዋል።

ስለዚህ ወፍጮ ለማቆም የምታስቡ ሠራተኞች፥ ጅረቱን በነሐሴ ሞልቶ ሲያገሣ አትለኩት። በመጋቢትና በሚያዝያ፥ ውሃው በሳሳበት ጊዜ፥ በአሸንዳ ሰብስባችሁ ወደ በርሜል ልቀቁት። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል በ4 ሴኮንድ ከሞላ፥ 50 ሊትር በሴኮንድ አገኛችሁ። ከላይ በኩል አትክልት የሚያጠጣውን ገበሬም ቦዩን በስንት ሰዓት እንደሚከፍት ጠይቁት፤ በዚያ ሰዓት ወፍጮው ይቆማልና።