«ምንም የለብሽም» ከተባለ በኋላ

ወገቧን የሚያማት እናት ራጅ ተነሥታ «ምንም የለብሽም» ስትባል፣ ሁለት ሕመም ይዛ ቤቷ ትገባለች፦ የወገቧንና አለመታመኗን። ሁለቱ ለምን ተያይዘው እንደሚሄዱ እንይ።

በሩ

ምጣድ ጣታችንን ሲያቃጥለን መልእክቱ በነርቭ ወደ ሕብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሄዳል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሕብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ አሠራር አለ አሉ። ጉልበታችን ሲመታ የምናሸው ለዚህ ነው፤ ማሸቱ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ጭንቀትና ፍርሃት ግን ይበረግዱታል።

3 ወር ሲያልፍ

ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። አንዳንዴ ጉዳቱ ድኖም ነርቮቹ፣ አንዴ ሌባ እንደ ገባበት ዘበኛ፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ይጮኻሉ። ራጅ አጥንትን እንጂ ይህን ጩኸት አያሳይም።

አዙሪቱ

ሕመም እንቅልፍ ይነሳል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ ከጎረቤት ቡና ይቀራል፣ ብቻውን ይውላል፤ ድብርት ይገባዋል። ድብርቱ ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። በተቃራኒውም ይጀምራል፦ ድብርት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ «ከፋኝ» ሳይሆን «ራሴን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዛለ» እያለ ነው ሐኪም ቤት የሚሄደው።

ምን ይደረግ?

ሥራን መከፋፈል። «ዛሬ ተሽሎኛል» ብሎ 30 እንጀራ በአንድ ቁጭታ መጋገር ለነገ መተኛት ነው። 10 ጋግሮ ሳያም መነሣት፣ ጥቂት መንጎራደድ፣ ከዚያ መቀጠል።

አልጋን መቀነስ። ለቆየ የወገብ ሕመም ተኝቶ መዋል አይመከርም፤ ጡንቻው ይዝላል፣ ሐሳቡም ይበዛል።

ለሐኪሙ ሁለቱንም መንገር። እንቅልፉንም፣ ሆድ መባሱንም። አሚትሪፕቲሊን የድብርት መድኃኒት ነው፤ በአነስተኛ መጠን ግን ለነርቭ ሕመም ይታዘዛል። ሲታዘዝ «እብድ ነሽ ሊለኝ ነው» አይባልም።

ሳይዘገዩ መሄድ። እግር መክዳት ከጀመረ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ወይም ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ለዚያች እናት

ራጁ የተናገረው ስለ አጥንቷ ብቻ ነው። «አጥንትሽ አልተሰበረም፤ ሕመምሽ ግን እውነተኛ ነው» ብትባል ኖሮ፣ በሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ገርበብ ማለት ይጀምር ነበር።