ሶፍትዌሩ ከታደሰ በኋላ ቁልፉ የት ገባ?

የሒሳብ መዝገቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ ከመጋዘንና ከቅርንጫፍ የሚመጣውን የዕለት ሽያጭ በየሌሊቱ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ማሽን ማስገልበጡ የተለመደ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርሲንክ ነው። አርሲንክ በፋይሉ ውስጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ እየለየ ያመላልሳል እንጂ የሩቁን ማሽን በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው ኤስኤስኤች ነው። የይለፍ ቃል የሚጽፍ ሰው በሌለበት ሰዓትም ሥራው እንዲካሄድ በላኪው ማሽን የምሥጢር ቁልፍ፣ በተቀባዩ ማሽን ደግሞ የዚያው ጥንድ የሆነ ይፋዊ ቁልፍ ይቀመጣል።

ጣጣው የሚመጣው ፕሮግራሙ በአዲስ እትም በተተካ ማግስት ነው። እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረው ግልበጣ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ ይቆማል። ሥራው በቀጠሮ የሚካሄድ ከሆነ ደግሞ መልእክቱን የሚያነብ የለም። ባለቤቱ ቅጂ እንደሌለው የሚያውቀው ከሳምንታት በኋላ ዋናው ማሽን ሲበላሽ ነው፤ ያን ጊዜ የዱቤ ሒሳብ በደንበኞች ትዝታና ቅንነት ላይ ይወድቃል።

አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ቤት ገብቶ ነው። ኤስኤስኤች ቁልፉን የሚፈልገው በተጠቃሚው መነሻ ፎልደር ሥር፣ ስሙ በነጥብ በሚጀምር «ኤስኤስኤች» በተባለ ፎልደር ውስጥ ነው። መነሻው የትኛው ነው የሚለው ግን በተለይ በዊንዶውስ ላይ ያወዛግባል። ለዊንዶውስ የሚዘጋጁ የአርሲንክ ጥቅሎች ብዙዎቹ በሲግዊን ላይ የቆሙ ናቸው። ሲግዊን ቀድሞ የተጠቃሚዎችን መነሻ ፎልደር የሚያነበው ከራሱ የጽሑፍ ዝርዝር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 1.7.34 እትም ግን ዝርዝሩ ባይኖርም የተጠቃሚውን መረጃ በቀጥታ ከዊንዶውስ መዝገብ መውሰድ ጀመረ። በዚህም ምክንያት ከአሮጌ እትም ወደ አዲስ የተሸጋገረ ድርጅት፣ ቁልፉ በዊንዶውሱ የተጠቃሚ ፎልደር ተቀምጦ ሳለ፣ ፕሮግራሙ በተጫነበት ቦታ ሥር ባለው «ሆም» ፎልደር ሲፈልገው ሊያገኝ ይችላል። «ሆም» የተባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ እያስተካከለ የሚውል ቴክኒሺያን በከንቱ ይደክማል፤ የሲግዊኑ ኤስኤስኤች የሚያምነው የተጠቃሚውን መዝገብ ነውና። በተጨማሪም ዊንዶውስ 10 ከ2018 ወዲህ የራሱን ኤስኤስኤች ይዞ ስለሚመጣ፣ በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ኤስኤስኤች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ፎልደር ማየታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩን ለማጣራት ግምት አያስፈልግም። በኤስኤስኤች ትእዛዝ ላይ ሰረዝና «ቪ» ፊደል ሲጨመር ፕሮግራሙ ቁልፍ የፈለገባቸውን ቦታዎች ከነሙሉ አድራሻቸው ይዘረዝራል። ከአድራሻው መጨረሻ ላይ ከዜሮ በታች 1 ቁጥር ከታየ በዚያ ቦታ የሚነበብ ቁልፍ እንዳላገኘ ይጠረጠራል። ሌላም ምልክት አለ። የሚታወቁ ማሽኖች ዝርዝር የሚቀመጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ለዓመታት የተገናኙበትን ማሽን «ታምነዋለህ?» ብሎ እንደ አዲስ ከጠየቀ ፎልደሩ መቀየሩን ያመለክታል። ጥያቄው የመጣው በሌላ ምክንያትም ሊሆን ስለሚችል የማሽኑን አሻራ ሳያመሳክሩ «አዎ» ማለት አይገባም።

በእጅ ሲሞከር የሚሠራው ሌሊት እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። ምክንያቱ ቀጠሮው የሚካሄደው በሌላ ተጠቃሚ ስም፣ ለምሳሌ በዊንዶውስ «ሲስተም» ወይም በሊኑክስ «ሩት» መሆኑ ነው። እነሱ የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ የሠራተኛውን ፎልደር አይከፍቱም።

መፍትሔው የቁልፉን ሙሉ አድራሻ በግልጽ መጻፍ ነው፤ በትእዛዙ ላይ በሰረዝ «አይ» ወይም በኤስኤስኤች የቅንብር ፋይል ውስጥ «አይደንቲቲፋይል» በሚለው መስመር። ቁልፉን ፕሮግራሙ በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ማኖር አይመከርም፤ የሚቀጥለው እድሳት ሊያጠፋው ይችላል። ሌሎች ተጠቃሚዎች ሊያነቡት የሚችሉትን የምሥጢር ቁልፍ ኤስኤስኤች አልቀበልም ስለሚል፣ ፋይሉ ሲዛወር ፈቃዱም መታየት አለበት። ለቴክኒሺያን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም መላክ ግን የድርጅቱን ማኅተም በፖስታ ከመላክ አይለይም።

አድራሻው ትክክል ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ ጥፋቱ የቁልፉ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ኦፕንኤስኤስኤች እ.ኤ.አ. በ2015 በ7.0 እትሙ የዲኤስኤ ቁልፎችን መቀበል በነባሪነት አቆመ፤ በ2021 በ8.8 እትሙ ደግሞ አርኤስኤን ከሻ-1 ጋር የሚያጣምረውን ፊርማ ዘጋ። ዲኤስኤ የያዘ አዲስ ቁልፍ ማውጣት አለበት። አርኤስኤ የያዘ ግን ቁልፉን መጣል የለበትም፤ የተቀባዩ ማሽን ሶፍትዌር ሲታደስ ያው ቁልፍ በሻ-2 ፊርማ ይሠራል።

ከጥገናው በኋላ ሙከራው በእጅ ሳይሆን በራሱ በቀጠሮው መካሄድ አለበት፤ በማግስቱም በተቀባዩ ማሽን ላይ ያለው ፋይል ቀንና መጠን ይታያል።