የሚያስገመግም ባስና ልክ ያጣ ድምፅ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዴት ይስተካከላል?



በጋአን ሊባህም ሆነ በሌሎቹ የሀርጌሳ ሰፈሮች ተከራይተን የምንኖር ብዙ ስደተኞች ያለን አንድ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል እንተኛለን፣ እናበስላለን፣ ልጆቻችንም ያጠናሉ። በዚያው ክፍል በኮምፒዩተርና በጠረጴዛ ስፒከር ዜና፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ዘፈንና የቋንቋ ትምህርት እንሰማለን። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ላይ ዘወትር የሚነሱት ችግሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ባሱ ያስገመግማል። ሁለተኛው፣ የድምፁ መጠን ልክ አይይዝም፤ ጥቂት ሲነኩት ይጮኻል፣ መለስ ሲያደርጉት ይጠፋል። በዛሬው ትምህርታችን ሁለቱ ችግሮች እንዴት እንደሚያያዙና ያለ ወጪ እንዴት እንደሚስተካከሉ እንመለከታለን።

ጉዳዩ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። ባስ ሲበዛ በመጀመሪያ የሚሸፈነው ንግግር ነው። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ጠ ን ከተ የሚለየው አጭርና ቀጭን ድምፅ ደግሞ በወፍራሙ ድምፅ ሥር ይቀበራል። ሶማልኛ ለሚማር ሰው ችግሩ ይብሳል። በአማርኛ አነጋገር ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ አንድ ሆነዋል፤ በሶማልኛ ግን የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ ልዩነታቸውም የቃሉን ትርጉም ይለውጣል። ይህን ልዩነት ከቅጂ ሰምቶ ለመያዝ ጥርት ያለ ድምፅ ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ ጉርብትና ነው። ቀጭን ድምፅ በግድግዳ በቀላሉ ይገታል፤ ወፍራም ድምፅ ግን ግድግዳውንም በሩንም አልፎ ይሄዳል። ስለሆነም እኛ ዘፈኑን በሙሉ ስንሰማ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው «ድም፣ ድም» የሚለውን ብቻ ነው። በሰው አገር ለሚኖር ሰው ከአከራይና ከጎረቤት ጋር በሰላም መኖር ትልቅ ነገር ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለውም ለዚህ ነው።

ባስ ለምን ያስገመግማል?

ድምፅ የአየር ሞገድ ሲሆን፣ በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሄርዝ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደረገው የንዝረት ብዛት ነው። 50 ሄርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ አንዱ ሞገዱ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ክፍላችን ደግሞ 3 በ4 ሜትር ነው እንበል። ሞገዱ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተመላለሰ በራሱ ላይ ይደረባል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ 343ን ለግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ማካፈል ነው። ለ4 ሜትር 343 ÷ 8 = 43 ሄርዝ ገደማ፣ ለ3 ሜትር 343 ÷ 6 = 57 ሄርዝ ገደማ ይሆናል። በእነዚህ ድምፆች ክፍሉ ራሱ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ይህ ክምችት ከግድግዳ አጠገብ ይበረታል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን ሁለት ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ ላይ ነው። ቦታ ለመቆጠብ የባሱን ሣጥን ጥግ ውስጥ እናስገባዋለን፣ እኛም ግድግዳ ተደግፈን እንቀመጣለን። በዚህ ጊዜ ስፒከሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የተበላሸ ይመስለናል።

በቅድሚያ በሽታውን መለየት

ከማስተካከላችን በፊት የሚታወቅ ዘፈን ከፍተን የባስ ጊታሩን ወይም የከበሮውን ምት እናዳምጥ።

ሀ) ከባሱ ድምፆች መካከል አንዱ ብቻ ተነጥሎ የሚያብጥ ከሆነ፣ ጥፋቱ የክፍሉና የአቀማመጡ ነው።
ለ) ሁሉም እኩል የወፈሩ ከሆነ፣ የባሱ ማዞሪያ ከመጠን በላይ ተከፍቷል።
ሐ) «ዝዝዝ» የሚል መንዘር ከሆነ፣ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ አለ ማለት ነው። ድምፁ እየተሰማ በእጃችን ጠረጴዛውን፣ መስኮቱንና ቆርቆሮውን ጫን ጫን ብናደርግ ቦታውን እናገኘዋለን። በገና ስንሰማ ግን እንዳንሳሳት፤ የበገና መንዘር የመሣሪያው የራሱ ጠባይ ነው።
መ) ምንም ሳይከፈት የሚሰማ የማያቋርጥ «እምም» ከሆነ፣ የሚመጣው ከኤሌክትሪክ ወይም ከገመድ ግንኙነት ስለሆነ ጃኩንና ሶኬቱን መመርመር ያስፈልጋል።

ባሱን ለማስተካከል

1. የባሱን ሣጥን ከጥግ አውጡት። ከግድግዳ ሁለት ሦስት ስንዝር ማራቅ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

2. ትክክለኛውን ቦታ በጆሮ ፈልጉ። የባሱን ሣጥን ለጊዜው እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡና ዘፈን ክፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በክፍሉ ዙሪያ ሣጥኑ ሊቀመጥ በሚችልባቸው ቦታዎች ላይ አዳምጡ። ባሱ የማያብጥበት፣ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ የሚሰማበት ቦታ የሣጥኑ ቦታ ነው።

3. መቀመጫችሁንም አስተካክሉ። ግድግዳ ተደግፎ መስማት ባሱን ያበዛዋል፤ በትክክል መሐል ላይ መቀመጥ ደግሞ ያሳጣዋል። ክፍሉ 4 ሜትር ከሆነ ከግድግዳው 1 ሜትር ከ30 ያህል መራቅ ደህና መነሻ ነው።

4. ትንንሾቹን ስፒከሮች በጆሮ ከፍታ አድርጓቸው። መጽሐፍ ወይም እንጨት ከሥራቸው ማድረግ ይቻላል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ስለዚህ ከሥሩ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ጨርቅ ይደረግ።

5. ሣጥኑ ቀዳዳ ካለው በካልሲ ወይም በስፖንጅ ላላ አድርጋችሁ ድፈኑት። ባሱ ይቀንሳል፤ የቀረውም ይበልጥ ይጠራል። ማጉያው የሚተነፍስበትን የሙቀት መውጫ ግን አትድፈኑ።

6. በኮምፒዩተሩ ውስጥ ባስ የሚጨምረውን ማስተካከያ አጥፉ። አሁንም ካስገመገመ፣ በኢኳላይዘሩ ላይ ከ60 እስከ 125 ሄርዝ ያለውን ከ3 እስከ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉ።

ስስ መጋረጃ ባስ አይመጥም፤ የሚቀንሰው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። ጥግ ላይ የቆመ ወፍራም ፍራሽ ወይም የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ክምር ግን በመጠኑ ይረዳል።

የድምፁን መጠን ለመቆጣጠር

በአንድ የውሃ መስመር ላይ ሦስት ቧንቧዎች ቢኖሩ፣ አንዱን ብቻ እየነኩ ውሃውን መመጠን ያስቸግራል። ድምፅም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ቧንቧ ዘፈኑን የሚያጫውተው ፕሮግራም፣ ሁለተኛው የኮምፒዩተሩ ቮልዩም፣ ሦስተኛው የስፒከሩ ማዞሪያ ነው። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

1. የስፒከሩን ማዞሪያ ዜሮ ላይ፣ የባሱን ማዞሪያ መሐል ላይ አድርጉ።
2. ፕሮግራሙን 100፣ ኮምፒዩተሩን 80 ላይ አድርጉና ዘፈን ሳይሆን የሰው ንግግር ክፈቱ።
3. ንግግሩ በደንብ እስኪሰማ የስፒከሩን ማዞሪያ ቀስ እያላችሁ ክፈቱ።
4. ማዞሪያው ገና ሲነካ የሚጮኽ ከሆነ ኮምፒዩተሩን ወደ 50 ወይም 40 ዝቅ አድርጉ። ማዞሪያው ከሩብ እስከ ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ሲሠራ መጠኑን መቆጣጠር ይቀላል፤ ግራና ቀኙም እኩል ይሆናል።
5. «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከበዛ ኮምፒዩተሩን ጨምሩ፣ ማዞሪያውን ቀንሱ። ድምፁ የሚሰነጠቅ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ኮምፒዩተሩን ቀንሱ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱን አትንኩ፤ በየዕለቱ የሚነካው የስፒከሩ ማዞሪያ ብቻ ይሁን። ማዞሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ይዞታል። ከኤሌክትሪክ ነቅላችሁ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ብታዞሩት ብዙ ጊዜ ይሻለዋል።

የሁለቱ ችግሮች ዝምድና

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱን ከሌላው ይልቅ አሳንሶ ይሰማዋል። በመሆኑም ማታ ድምፅ ዝቅ አድርገን ስንሰማ ባስ እናክላለን፤ በማግስቱ ድምፁን ከፍ ስናደርግ ያው የጨመርነው ባስ ያስገመግማል። መፍትሔው ባሱን ዘወትር በምንሰማበት መጠን ላይ ማስተካከልና በዚያው መተው ነው።

አሮጌ ካሴት ለሚሰሙም አንድ ቃል እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1988 ሀርጌሳ ስትደበደብ የሬዲዮ ሀርጌሳ ቅጂዎች ከጥፋት እንዲተርፉ ከመሬት በታች ተቀብረው ነበር፤ ዛሬም በከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይገኛሉ። ብዙዎቻችንም ከአገር ቤት ካሴት የተገለበጠ ዘፈን አለን። ካሴት ሲያረጅና ሲገለበጥ የሚሳሳው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ባሱን ቀነስ ማድረግ እንጂ ቮልዩሙን መጨመር አይጠቅምም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች በ75 ዴሲቤል እንዳይታለፍ ይመክራል። መለኪያ ለሌለን ሰዎች ግን፣ በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር የሚያስጮኽ ድምፅ ከመጠን ያለፈ ነው ብንል እንጠቀማለን።

መልመጃ

1. ክፍላችሁን በሜትር ለኩና የትኛው የባስ ድምፅ እንደሚያስተጋባ አስሉ።
2. አንድ ሰው «መጣ፣ መታ» እያለ ቀድቶ ያጫውት፤ ሌላው በምን ያህል መጠን ለይቶ እንደሚሰማ ሞክሩ።
3. ስፒከሩን ክፈቱና በራችሁን ዘግታችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ከጎረቤት ደጃፍ ሆናችሁ «ድም፣ ድም» የሚለውን ከሰማችሁ፣ የባሱን ማዞሪያ ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ።