ኃይልና የኅብረት ሥራ በወላይታ

ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ የሚቆም ሰው ቀና ሲል የኤሌክትሪክ መስመር የተሸከሙ ታላላቅ የብረት ምሰሶዎች ያያል። ዝቅ ሲል ደግሞ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ያያል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስበኝ፣ ሕዝቡ ተባብሮ ሊጠቀምበት ስለሚችለው ኃይልና ከመንግሥት ስለሚፈለገው ነገር ጥቂት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ያለንን እንመልከት። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር ሲሆን 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከሶዶ ተነሥቶ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀው መስመርም በ2015 ዓ.ም. ለኬንያ ኤሌክትሪክ ማድረስ ጀመረ። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን 500 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ሽቦ በደጃፍ ስላለፈ ቤት አይበራም፤ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና የመንደር መስመር ያስፈልጋል። ተራርቀው ለሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ማድረስ ወጪው ከባድ ነው። ስለዚህ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2017 ዓ.ም. ገደማ 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን ደግሞ ከመስመሩ ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው ኃይል ለማዳረስ አቀደ። ጊዜው አልፏል፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

ሁለተኛው ጉዳይ የማጀቱ ነው። የከብት እበት ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባው ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያብላሉትና ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ይህም ባዮጋዝ ይባላል። ጋዙ በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ዝቃጩም ለእንሰቱ ማዳበሪያ ይሆናል። እበቱን ለእንሰት ለምንፈልግ ለእኛ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም መሬቱ የጠበበበት ገበሬ አንድ ወይም ሁለት ላም ብቻ ስለሚኖረው እበቱ አይበቃውም፤ ውሃውም ከሩቅ ይቀዳል።

በሠፈራችን እንዲህ ያለ ጉድጓድ የተሠራለት አንድ ቤት አውቃለሁ። እናትየዋ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ጭስ አበሰሉ። ከዚያ የምድጃው መክፈቻ ተሰበረ፤ መለወጫ የሚሸጥም የሚጠግንም አልተገኘም። ሴት ልጃቸው ወደ እንጨት ለቀማ ተመለሰች። የክፍሌ ተማሪ ናት፤ ዛሬ ብዙ ቀን የምትደርሰው ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰብራ ጠያቂ በማጣቷ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀረ።

ጠያቂ ያገኘ ሥራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከሶዶ በስተ ደቡብ ወደ ሁምቦ መውረድ ይበቃል። የሁምቦ ተራራ ለማገዶና ለከሰል ተጨፍጭፎ ተራቁቶ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቹ በወርልድ ቪዥን ረዳትነት በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ፤ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውንም እየመለመሉ አሳደጉ። መንግሥት የተጠቃሚነት መብታቸውን በሕግ አረጋገጠላቸው። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ የዓለም ባንክም ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡት ካርቦን ክፍያ ለመስጠት ተዋዋለ። ከምልመላው የሚገኘው ጭራሮ ለምድጃ ይሆናል። ደኑ የቆመው ሕግ ያወቀው ባለቤት ስላለው ነው።

ለፀሐይ መብራትና ለባዮጋዝም እንዲሁ መደረግ አለበት። መንግሥት ዕቃውን ሲያድል ባለቤት የሚሆነውን ማኅበር አብሮ ያቋቁም፤ በየቀበሌውም ጠጋኝ ያሠልጥን። ሕዝቡም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ለመጠገኛ ያስቀምጥ። ለቀብርና ለኀዘን በዕድር የሚያዋጣ ሕዝብ ይህ አያቅተውም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፣ በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን ጉዳይ አንሡልን። እኔም በበኩሌ ፈተናዬን እንደ ጨረስኩ የቧንቧና የምድጃ ጥገና ለመማር ቈርጫለሁ። ጓደኞቼም እንዲከተሉኝ እጋብዛለሁ።