ትርፉ የማን ነው? ኪሳራውስ? በአሳታሚና በራስ ወጪ መጽሐፍ ያሳተሙ ታዋቂ ደራሲያን ምን ያስተምሩናል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። በጀመዓችን ውስጥ የሚጽፉና የሚተረጉሙ ወንድሞችና እህቶች ቁጥር እየጨመረ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። አንዱ ከደርስ ማስታወሻው ትንሽ መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ ሌላዋ በክረምት እረፍቷ ልብወለድ ትጀምራለች፤ ሌላው ከዐረብኛ ይተረጉማል። ረቂቁ ሲያልቅ ግን ሁሉም አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ፤ አሳታሚ ልፈልግ ወይስ ገንዘብ አሰባስቤ ራሴ ላሳትም?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ በዛሬው ትምህርታችን መጽሐፎቻቸው በብዛት የተሸጡላቸውን የአሜሪካ ደራሲያን ተሞክሮ እንመለከታለን። እነሱን የመረጥነው የውላቸው ቁጥር በአደባባይ ስለተነገረ እንጂ የመጽሐፎቻቸውን ይዘት ለማድነቅ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ አሜሪካ ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘኛችን

ዑለሞቻችን በፊቅህ መርሆች ውስጥ ያስቀመጡት አንድ ሚዛን አለ፤ ጥቅም የሚገባው የጉዳቱን ስጋት ለሚሸከም ሰው ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚለዩት በዚሁ ነጥብ ነው። በአሳታሚ መንገድ የአርትዖቱን፣ የሽፋኑን፣ የወረቀቱንና የማከፋፈሉን ወጪ የሚችለው ድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ የገቢውን ትልቅ ድርሻ ይወስዳል። በራስ ኅትመት ደግሞ ወጪው ሁሉ በደራሲው ጫንቃ ላይ ያርፋል፤ ትርፉ ከመጣ ትልቁ ድርሻ የሱ ነው፤ ካልመጣም ኪሳራው የሱ ነው። ስለዚህ የትኛው ብዙ ይከፍላል ከማለታችን በፊት ሸክሙን የሚሸከመው ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

አሳታሚው ምን ይከፍላል?

በአሜሪካ የተለመደው ውል ለደራሲው በቅድሚያ ገንዘብ ይሰጠዋል። መጽሐፉ ሲሸጥ የደራሲው ድርሻ ከዚህ ቅድመ ክፍያ ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። ደራሲው ሥራውን በውሉ መሠረት ካስረከበ መጽሐፉ ባይሸጥም ቅድመ ክፍያውን እንዲመልስ አይጠየቅም። በጠንካራ ሽፋን የሚታተም መጽሐፍ ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ዋጋ 10 በመቶ ይጀምርና ሽያጩ ሲጨምር እስከ 15 በመቶ ይደርሳል። ከኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ደግሞ አሳታሚው ከሚያገኘው የተጣራ ገቢ 25 በመቶ የተለመደ ነው። ከዚህ ሁሉ ላይ የደራሲው ወኪል 15 በመቶ ይወስዳል።

በአማዞን በኩል ራሱን የሚያሳትም ደራሲ ግን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፉን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ቢተምን እስከ 70 በመቶ ያገኛል። ከዚህ ወሰን ውጭ ከሆነ 35 በመቶ ነው።

እስቲ እናስላው። በ9.99 ዶላር ከሚሸጥ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አሳታሚው 70 በመቶውን ቢያገኝ 7 ዶላር ገደማ ይሆናል። የደራሲው 25 በመቶ 1.75 ዶላር ነው፤ የወኪሉ ሲነሳ 1.49 ዶላር ገደማ ይቀረዋል። በራሱ የሚያሳትመው ግን በ4.99 ዶላር ሸጦ 3.49 ዶላር ገደማ ያገኛል። በግማሽ ዋጋ ሸጦ ከእጥፍ በላይ አገኘ ማለት ነው! ነገር ግን አርታኢውን፣ ሽፋን ሠሪውንና ማስታወቂያውን ከዚሁ ገንዘብ ይከፍላል፤ አንባቢ ፈልጎ የሚያመጣለትም የለም።

የአንድ ወር ሁለት ውሳኔዎች

መጋቢት 2011 ላይ ሁለት ደራሲያን ተቃራኒ ውሳኔ አደረጉ። የመጀመሪያዋ የሚኒሶታዋ አማንዳ ሆኪንግ ናት። ረቂቆቿን አሳታሚዎች ደጋግመው ከመለሱባት በኋላ በ2010 ራሷ በኤሌክትሮኒክ መልክ ማሳተም ጀመረች። በርካሽ ዋጋ እየሸጠች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ አደረሰች። ይህን ሁሉ ብቻዋን ካሳካች በኋላ ግን ለአራት መጽሐፍ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከሚከፍላት ሴንት ማርቲንስ ፕሬስ ጋር ተፈራረመች። ምክንያቷን ስትገልጽ ደራሲ መሆን እንደምትፈልግ፣ በሳምንት 40 ሰዓት በኢሜይል፣ በሽፋንና አርታኢ በመፈለግ ማለቅ እንደማትፈልግ ተናገረች።

ሁለተኛው ባሪ አይስለር ነው። እሱ ቀድሞም በትልልቅ አሳታሚዎች የታወቀ የስለላ ልብወለድ ደራሲ ነበር። በዚያው ወር ከዚያው ከሴንት ማርቲንስ የቀረበለትን የሁለት መጽሐፍ የ500,000 ዶላር ውል ትቶ ራሱ እንደሚያሳትም አስታወቀ። ለሱ ከኤሌክትሮኒክ ሽያጭ የሚደርሰው 25 በመቶ ለረጅም ዘመን የሚያዋጣ አልነበረም። ይሁን እንጂ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ቀጣዩን መጽሐፉን ለአማዞን የራሱ የኅትመት ክፍል ሰጠ፤ ይህም የተሻለ ድርሻና ፈጣን ኅትመት የሰጠው ሌላ አሳታሚ ነበር።

እነዚህን ሁለቱን ስናይ ሆኪንግ ጊዜዋን ገዛች፤ አይስለር ድርሻውን ጠበቀ። ሁለቱም የጎደላቸው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

መካከለኛው መንገድ

ሂዩ ሃዊ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። በ2011 ያወጣው አጭር ታሪክ በአንባቢ ጥያቄ እየተቀጠለ ትልቅ መጽሐፍ ሆነ። አሳታሚዎች ሲመጡ መብቱን ሁሉ ጠቅልሎ አልሸጠም። በ2012 ለሳይመን ኤንድ ሹስተር የወረቀቱን ኅትመት መብት ብቻ ሸጠ፤ የኤሌክትሮኒኩን ለራሱ አስቀረ። መኪና፣ መጋዘንና የመደብር መስመር የሚጠይቀውን ሥራ አቅሙ ላለው ሰጠ፤ ራሱ በደንብ የሚሠራውን ያዘ።

አንዲ ዊርም ተመሳሳይ ነው። በጠፈርተኛ ታሪኩ ምዕራፍ በምዕራፍ በራሱ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያስነብብ ነበር። አንባቢዎቹ በኪንድል ማንበብ እንደሚሹ ሲነግሩት አማዞን በሚፈቅደው ዝቅተኛ ዋጋ፣ በ99 ሳንቲም አወጣው፤ በሦስት ወር 35,000 ቅጂ ተሸጠ። ከዚያ አሳታሚው ክራውን መብቱን ገዝቶ በ2014 አወጣው፤ በ2015 ፊልም ሆነ። ነፃ የነበረው ጽሑፍ ገበያውን አላጠፋበትም፤ አንባቢ አፈራለት። ይህ የሆነው ግን ነፃ ያደረገው ባለቤቱ ራሱ ስለሆነ ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የ41 ሚሊዮን ዶላሩ ጉዳይ

በ2022 ብራንደን ሳንደርሰን በኪክስታርተር በኩል አራት መጽሐፍ ለማሳተም አንባቢዎቹን ቀድመው እንዲከፍሉ ጠየቀ። በ30 ቀን ውስጥ ከ185,000 በላይ ሰዎች 41.7 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ። ይህን ሰምቶ አሳታሚ አያስፈልግም ብሎ የሚደመድም ሰው ይኖራል። ሁለት ነገር ግን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ ይህ ገንዘብ በሙሉ ትርፍ አይደለም። የኅትመት፣ የመጋዘንና የመላኪያ ወጪ የሚወጣው ከዚሁ ነው፤ ሥራውንም የራሱ ኩባንያ ሠራተኞች ናቸው የሠሩት። ሁለተኛ፣ ሳንደርሰን ተማሪ ሳለ በሆቴል የሌሊት ፈረቃ እየሠራ ከአሥር በላይ ረቂቅ ጽፏል፤ የመጀመሪያ መጽሐፉን ቶር የተባለው አሳታሚ ያወጣለት በ2005 ነው። በ17 ዓመት ውስጥ አንባቢውን ያፈራው በአሳታሚ መስመር ነው። ያን ጊዜም ከአሳታሚው ጋር አልተጣላም፤ እነዚያው መጽሐፎች ኋላ በቶር በኩል ለመደብር ቀርበዋል።

አሳታሚዎችም ቢሆኑ ያለ ጥበቃ የሚታመኑ አይደሉም። ፔንጉዊን ራንደም ሃውስ ሳይመን ኤንድ ሹስተርን በ2.175 ቢሊዮን ዶላር ሊጠቀልል ሲል የአሜሪካ መንግሥት በ2021 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2022 ጥቅምት 31 ቀን ግዢውን አገደ። ክርክሩ ያተኮረው 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ቅድመ ክፍያ በሚያገኙ ደራሲያን ላይ ነበር፤ ተፎካካሪ ገዢ ሲቀንስ ክፍያቸውም ይቀንሳል ተባለ። ስቲቨን ኪንግ ራሱ ከሚያሳትምለት ድርጅት በተቃራኒ ቆሞ መሰከረ። በብዛት የሚሸጥ ደራሲም ብቻውን ሲደራደር ደካማ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የማይታዩት

ከላይ ያየናቸው ሁሉ የተሳካላቸው ናቸው። በሁለቱም መንገድ ሄደው ያልተሸጡላቸው ብዙዎች ግን በዜና አይወጡም። የአሜሪካ ደራሲያን ማኅበር ባደረገው ጥናት በ2022 ጽሑፍ ሙሉ ሥራቸው የሆነ ደራሲያን ከመጽሐፍ ያገኙት መካከለኛ ገቢ 10,000 ዶላር ነበር፤ ማለትም ግማሾቹ ከዚህ በታች አገኙ። ይህ በዚያ አገር ቤተሰብ አያኖርም። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ተወኩል ማለት ግን ግመልን ሳያስሩ መተው አይደለም። የትምህርት ክፍያውን ወይም ብድር ወስዶ መጽሐፍ የሚያሳትም ተማሪ የዚያ ሁሉ ኪሳራ ተሸካሚ ራሱ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ወደኛ ስንመጣ

በአገራችን ብዙ ደራሲ ማተሚያ ቤቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ መጽሐፉን ለአከፋፋይና ለአዟሪ ሰጥቶ፣ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ነው። በአሜሪካው ሚዛን ካየነው ሙሉ ስጋቱ የደራሲው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንያዝ።

1ኛ. ውልን በጽሑፍ ማድረግ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ዕዳን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም መሆኑን እናስታውስ። በጀመዓ ወንድማማች መሆን ወረቀቱን አያስቀርም። ስንት ቅጂ ይታተማል? ሂሳቡ መቼ ይተሳሰባል? የትርጉም፣ የድምፅና የኤሌክትሮኒክ መብቱ የማን ነው? ውሉ መቼ ያበቃል? ሃዊ ኤሌክትሮኒኩን ማስቀረት የቻለው መብቶቹ እንደሚነጣጠሉ ስላወቀ ነው።

2ኛ. በገበያ ላይ አለማታለል። በ2012 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው በራሱ አሳትሞ ሚሊዮን ቅጂ የሸጠ አንድ ደራሲ 300 ያህል የአንባቢ አስተያየቶችን በገንዘብ ገዝቶ ነበር። ይህ ገዢን ማታለል ነው፤ በዚያ መንገድ የመጣ ሽያጭ ቢበዛ በረካ የለውም። ለጓደኛችን መጽሐፍ ሳናነብ አምስት ኮከብ የምንሰጥም ራሳችንን እንይ።

3ኛ. የደራሲን ሐቅ መጠበቅ። የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1988 በኩዌት ባደረገው 5ኛ ጉባኤ የድርሰት መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑንና መድፈሩ እንደማይፈቀድ ወስኗል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። እኛ ግን አዲስ የወጣ መጽሐፍ በስልክ ፎቶ አንስተን፣ ፒዲኤፍ አድርገን በቴሌግራም እንለቃለን፤ ዒልም ማሰራጨት ነው እያልንም ራሳችንን እናጽናናለን። መጽሐፉን ነፃ ማድረግ ወይም ወቅፍ ማድረግ የባለቤቱ ኒያ ነው፤ አንባቢ በሌላው ገንዘብ ሶደቃ አይሰጥም። ራሱ ያሳተመ ደራሲ ከሆነ ደግሞ ያ ፒዲኤፍ የሚነካው ከኪሱ የወጣውን የማተሚያ ቤት ሂሳብ ነው። አቅም ከሌለን ለሦስት ለአራት ሆነን አንድ ገዝተን እየተዋዋስን እናንብብ፤ ወይም ደራሲውን እንጠይቅ።

በአጭሩ፣ ጊዜና ገንዘብ የሚጎድለው አሳታሚ ይፈልግ፤ አንባቢ ያለውና ሸክሙን የሚችል ራሱ ያሳትም፤ ሁለቱን ማጣመር የሚችልም መብቱን ለይቶ ይስጥ። በየትኛውም መንገድ የሚሄድ ሰው ግን ትርፉን ከማለሙ በፊት ኪሳራው የማን እንደሆነ ይጻፍለት።

ለሐለቃ የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የጀመዓችን አባል መጽሐፍ ቢያሳትም ስጋቱን እንዴት ልንጋራው እንችላለን? አስቀድሞ ከፍሎ መግዛት አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል?

ለ. በስልካችን ካሉት ፒዲኤፎች ውስጥ ባለቤቱ ያልፈቀዳቸው የትኞቹ ናቸው? ምን እናድርጋቸው?

አላህ ብዕራችንን ለእውነት፣ ገቢያችንን ለሐላል ያድርግልን። አሚን።