ነፋስ በጣና ላይ ሲነሣ ታንኳን ስለ ማጽናት

በባሕር ዳር ለምንኖር ተማሪዎች የደንገል ታንኳ ዘወትር የምናየው ነገር ስለ ሆነ አያስደንቀንም። ነገር ግን ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ከተማችን የሚመጣው ሰው፣ ዓሣ የሚያሰግረውም ሰው ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ለዚህ ቀላል ዕቃ ነው። ከመካከላችንም አባቱ በታንኳ የሚሠራ ወይም ራሱ በታንኳ ተሻግሮ ዘመድ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪ የሆኑትን አጎቴን ጠየቅሁ። እሳቸውም ታንኳን የሚገለብጠው ነፋስ ብቻ ሳይሆን ደንግጦ ብድግ የሚለው ሰው መሆኑን ነገሩኝ። ይህ ነገር በፊዚክስ ከተማርነው ጋር የሚስማማ መሆኑን ከዚህ በታች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነፋሱ ከየት ይመጣል?

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ ጥልቀቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ፀሐይ የብሱን ከውሃው ይልቅ ፈጥና ታሞቃለች። በየብስ ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቁ አየር ቦታውን ለመያዝ ይነፍሳል። ሌሊት ደግሞ የብሱ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ተገልብጦ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። እኛ የምንኖረው በደቡቡ ዳርቻ ስለ ሆነ፣ ከቀትር በኋላ ከሰሜን የሚመጣው ማዕበል ሰፊውን ውሃ አቋርጦ ሲደርስ አድጎ ይጠብቀናል። ወደ ዳር ሲቀርብም ውሃው ስለሚያንስ ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይነሣል። በክረምት ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ነፋስ ግን ሰዓት የለውም።

ኃይሉ እንዴት ይጨምራል?

የነፋስ ፍጥነት በ2 እጥፍ ቢጨምር ግፊቱ በ4 እጥፍ፣ ፍጥነቱ በ3 እጥፍ ቢጨምር ግፊቱ በ9 እጥፍ ይጨምራል። ምክንያቱም የሚመጣው አየር መብዛቱ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ የአየር ክፍል ይበልጥ በርትቶ ስለሚመታ ነው። ስለዚህ «ጥቂት ነፋስ ቢጨምር ምን ይሆናል?» ማለት አይገባም።

ይህንንም በቤቴ ሞከርሁት። ከደንገል ሁለት ትናንሽ ታንኳዎች ሠርቼ በሳፋ ውሃ ላይ አኖርሁ። በሁለቱም ላይ አሸዋ የተሞላ የክብሪት ቀፎ ጫንሁ፤ አንዱን አጋድሜ፣ ሁለተኛውን አቁሜ። ከጎን በማራገቢያ ሳራግብባቸው ክብደታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ቀፎው የቆመበት ተገለበጠ፤ የተጋደመበት እየተወዛወዘ ጸና። ከፍ ያለ ጭነት ነፋስን እንደ ሸራ ይቀበላል፤ የክብደቱም ማእከል ወደ ላይ ስለሚወጣ ጥቂት ሲያዘነብል ይወድቃል። በታንኳ ላይ የቆመ ሰውም እንደዚሁ ነው።

የማሰሪያው ነገር

በታንኳ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን በደንብ አድርቀው አጥብቀው ያስራሉ። የዚህን ጥቅም ዓለም በእኛው ደንገል ተምሮበታል። በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለችውን መርከብ ግብፅ ውስጥ አሠርቶ ከሞሮኮ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ተነሣ። ነገር ግን የኋላዋ ክፍል ስለ ሰመጠና ማሰሪያዋ ስለ ላላ ግቧ ሳትደርስ ተተወች። በ1962 ዓ.ም. ይበልጥ ጠብቃ የታሰረችው «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከመነሣታችን በፊት ማሰሪያውን እንፈትሽ። ውሃ ጠጥቶ የከበደ ታንኳ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ማዕበል በቀላሉ ይገባበታል፤ በፀሐይ ይድረቅ።

2ኛ/ ጉዞ በማለዳ ይሁን፤ ደመና ከጠቆረ ይቅር።

3ኛ/ ጭነቱ ዝቅ ብሎ በመካከል ይታሰር፤ ሰውም ይቀመጥ።

4ኛ/ ማዕበል ሲመጣ ጎናችንን ሳይሆን የታንኳውን ፊት ጥቂት ሰያፍ አድርገን እንስጠው።

5ኛ/ ነፋሱ ካየለ ማገዶውን ወደ ውሃ መጣል ነውር አይደለም።

6ኛ/ ክዳኑ የተገጠመ ባዶ ጀሪካን በታንኳው ላይ ይታሰር። ታንኳው ቢገለበጥ እንኳ ደንገል ስለሚንሳፈፍ፣ እሱን ይዞ መጮህ እንጂ ዳሩ ቅርብ መስሎን ለቆ መዋኘት አይገባም።

ውድ ጓደኞቼ፣ ከእነዚህ ሁሉ አንደኛውና ሁለተኛው የሚፈጸሙት በየብስ ላይ ሳለን ነው። ስለዚህ ነገ ማለዳ ለመሻገር ያሰበ ዘመድ ያለን እንደ ሆነ፣ ዛሬ ማታ ከእርሱ ጋር ሆነን ማሰሪያውን እንመልከት፤ ሰማዩ ካላማረም እንዲቆይ እንለምነው። የአንድ ቀን ገበያ ቢቀር ሌላ ቀን ይገኛል፤ ሰው ግን አይተካም።